አረንጓዴ ክር የታሰረበት ጠርሙስ

(ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ባለች መንደር፣ በግንቦት ረፋድ፤ አረቄ አውጪዋ አንጓች ድፍድፏን እያማሰለች ነው፤ የአሳ ተመራማሪው ምንይችል በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ደጃፏ ላይ ቆሟል።)

አንጓች፦ አላውቅም አልኩህ እኮ። አረቄ ልትጠጣ ከሆነ ግባና ተቀመጥ። የአሳ ወሬ ከሆነ ግን በሩ ከኋላህ ነው።

ምንይችል፦ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው እትዬ አንጓች። ጋሽ ጓዴ አሳው እንቁላሉን የሚጥልበትን ቦታ አግኝተው ነበር። የት እንደሆነ ለእርስዎ ነግረዎት እንደሆነ ብዬ ነው።

አንጓች፦ ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ወሩ። ለቅሶ አልደረስክ፣ ተስካሩ ላይ አልታየህ። ዛሬ ለአሳ እንቁላል መጣህ?

ምንይችል፦ ልክ ነዎት። አልመጣሁም።

አንጓች፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ምንይችል፦ ይስደቡኝ፣ ይገባኛል። ግን ነገ ስብሰባ አለብኝ። ለመንገድ ሥራ ተብሎ ከአራቱ ጅረቶች ጠጠር ሊዛቅ ነው። አንዱን ብቻ ተዉልን ብለን ስንለምን እሺ ብለውናል። የትኛውን እንደሆነ ነገ ካልነገርኳቸው አራቱንም ይዝቁታል።

አንጓች፦ ይዛቁታ። ጠጠር ነው፣ እህል አይደል።

ምንይችል፦ ነጭ አሳ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወደ ጅረት የሚወጣው ለዚያ ጠጠር ብሎ ነው። እንቁላሉን የሚጥለው እዚያ ላይ ነው። ጠጠሩ ከሌለ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ባዶ ቤት ያገኛል።

አንጓች፦ ታዲያ ሂድና ራስህ እይ። እግር አጣህ?

ምንይችል፦ አሁን ግንቦት ነው። አሳው የሚወጣው ሐምሌ ነው። ጠጠሩ ደግሞ ሰኔ ሳይገባ ያልቃል። በእጄ ያለው ማስረጃ አምና ጋሽ ጓዴ የለቀሙልኝ እንቁላል ብቻ ነው።

አንጓች፦ የእሱን ልቅምቃሚ ነው ማስረጃ የምትለው? ሙት ወቃሽ አያርገኝ እንጂ፣ ሲጠጣ ጣቱን እንኳ ቆጥሮ የማይጨርስ ሰው ነበር።

ምንይችል፦ ትተው ነበር እኮ።

አንጓች፦ ሦስት ዓመት ተወ። ጸበል ገብቶ፣ በንስሐ አባቱ ፊት ምሎ ተወ። አምና ነሐሴ ላይ ግን መሐላውን በላው። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው የኖርኩት እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም።

ምንይችል፦ እንደዚያ አይደለም። እስቲ ከመጀመሪያው ልንገርዎት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?

አንጓች፦ ድፍድፌ ሳያርብኝ ተናገር።

ምንይችል፦ ነጭ አሳ ስንል አንድ ይመስላል እንጂ ብዙ ዓይነት ነው። እንቁላሉን ግን በዓይን አይተው የማን እንደሆነ መለየት አይችሉም፣ ሁሉም ቢጫ ፍሬ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ልከን ዘሩን እናስቆጥራለን። የዘረመል ምርመራ ይባላል።

አንጓች፦ ለአሳ ሰባት ቤት ትቆጥራላችሁ በለኛ።

ምንይችል፦ እንደዚያው ነው። እንቁላሏ ሳትፈለፈል እናቷ ማን እንደሆነች ይታወቃል።

አንጓች፦ ጉድ ነው። ስንቱ ሰው አባቱን ሳያውቅ ይሞታል።

ምንይችል፦ ጋሽ ጓዴ ዐሥራ አንድ ጠርሙስ ሰጡኝ። ዐሥሩ የተለመደው አሳ ሆነ። ዐሥራ አንደኛው ግን አፈ ሰፊ የምንለው የሌላው ዓይነት ነጭ አሳ እንቁላል ነው። እኛ ከወንዞቹ ጠፍቷል ብለን ከጻፍን ቆይተናል። እሳቸው አለ ሲሉኝ አላመንኳቸውም ነበር።

አንጓች፦ እሱን ያመነ ማን አለ?

ምንይችል፦ መጻፍ ስለማይችሉ በጠርሙሱ ላይ ሲባጎ ያስሩልኝ ነበር። አንድ ቋጠሮ አንዱ ጅረት፣ ሁለት ቋጠሮ ሁለተኛው፣ ሦስት ቋጠሮ ሦስተኛው። አራተኛው ሩቅ ነው ብለን አልተነጋገርንበትም። ይህ የመጨረሻው ጠርሙስ ሲባጎ የለውም፣ ቋጠሮም የለውም። ሌላ ነገር ነው ያሰሩበት።

አንጓች፦ ያን ጊዜውኑ አትጠይቀውም ነበር?

ምንይችል፦ አላገኘኋቸውም። ዓርብ በማለዳ ለምርምር ጣቢያችን ዘበኛ ሰጥተው ተመለሱ። በዚያው ቀን ነው ደራሽ ውሃ የወሰዳቸው።

አንጓች፦ ዓርብ በማለዳ አልክ?

ምንይችል፦ አዎ። ዘበኛው እንዳለኝ እርጥብ ነጠላ ተከናንበው ነበር። የሴት ነጠላ።

አንጓች፦ የኔ ነው። ጋቢው እቤት ቀርቶበት ከገመድ ላይ ያገኘውን አንስቶ ወጣ። ከሬሳው ጋር ሲያመጡልኝ ጥለቱ ተተርትሯል። ወንዙ ነው ብዬ ነበር።

ምንይችል፦ ጥለቱ ምን ቀለም ነበር?

አንጓች፦ ምን አስጠየቀህ?

ምንይችል፦ ይኸውልዎት። ጠርሙሱ ይህ ነው።

አንጓች፦ ወይኔ። አረንጓዴው ክሬ ነው።

ምንይችል፦ ይቀመጡ እትዬ አንጓች።

አንጓች፦ ተወኝ፣ ቆሜ ልየው። ይሄ ውስጡ ያለው ውሃ ምንድን ነው?

ምንይችል፦ ውሃ አይደለም። እንቁላሉ በውሃ ከቆየ ይበሰብሳል፣ ዘሩም አይታወቅም። ብርቱ አልኮል ውስጥ መሆን አለበት። የኛ ደግሞ ነሐሴ ላይ አልቆብን ነበር። ካገኙ በጠንካራ አረቄ ያድርጉት አልኳቸው።

አንጓች፦ ምን አልክ?

ምንይችል፦ በአረቄ ያድርጉት አልኳቸው።

አንጓች፦ ክፈተው።

ምንይችል፦ ማስረጃ ነው እኮ፣ ከተከፈተ...

አንጓች፦ ክፈተው አልኩህ። አልጠጣብህም፣ ላሽተው።

ምንይችል፦ እሺ። ይኸው።

አንጓች፦ ...ጥቁር አዝሙድ አለው። ዳግም አረቄ ሳወጣ ጥቁር አዝሙድ የምጨምር በዚህ አገር እኔ ብቻ ነኝ። የኔው አረቄ ነው።

ምንይችል፦ ጋሽ ጓዴ አንድ ጉንጭ አልቀመሱም። የወሰዱት ሁሉ እዚህ ጠርሙስ ውስጥ ነው ያለው።

አንጓች፦ በጀሪካኑ ላይ በከሰል ምልክት አድርጌ ነበር። ሐሙስ ማታ ባየው ሦስት ጣት ጎድሏል። ጋቢውን አሸተትኩት፣ አረቄ አረቄ ይላል። ጠጣህ አልኩት። አልጠጣሁም አለ። ታዲያ የት ገባ አልኩት። ዝም አለኝ። ያ ዝምታው ነው ያሳበደኝ። እንዲህ ብሎ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? አንዲት ቃል እኮ ናት።

ምንይችል፦ እኔ ነኝ።

አንጓች፦ አንተ ምን?

ምንይችል፦ ለማንም እንዳይነግሩ ያስማልኳቸው እኔ ነኝ። ወሬው ከወጣ መረብ ጣዮቹ ጅረቱን ይዘጉታል ብዬ ፈራሁ። ለሚስቴም? አሉኝ። ለሚስትዎም አልኳቸው። ለቅሶ ያልመጣሁት ለዚህ ነው። ዓይንዎን ማየት አቃተኝ።

አንጓች፦ ሁለት ጊዜ ማለ በለኛ። አንዱን በንስሐ አባቱ ፊት፣ አንዱን በአንተ ፊት። ሁለቱንም ጠብቆ ሞተ።

ምንይችል፦ ይቅር ይበሉኝ።

አንጓች፦ እኔ ምን እንዳልኩት ታውቃለህ? አስወጥቼ በሩን ቀረቀርኩበት። ዝናብ ነበር። አንጓች ክፈቺልኝ ይላል። በቀዳዳው ውሃ ይብላህ አልኩት። ውሃ ይብላህ፣ ከዚህ ቤት ራቅልኝ።

ምንይችል፦ በንዴት የተባለ ነገር ነው።

አንጓች፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በማግስቱ በላው።

ምንይችል፦ እርስዎ አይደሉም የገደሏቸው። ዝናብ ነው፣ ጎርፍ ነው።

አንጓች፦ ይሄን ሰው ሁሉ ይለኛል። ዘጠኝ ወር ሙሉ እኔም ለራሴ ሌላ ስለው ከረምኩ፤ ሰካራም ነበር፣ ሰክሮ ነው የገባበት እያልኩ። ይህን እያልኩ ነው እህል የዋጥኩት። አንተ ዛሬ መጥተህ ያቺን መጽናኛዬንም ወሰድክብኝ።

ምንይችል፦ ልሂድ እንዴ?

አንጓች፦ የት ትሄዳለህ? ያን ሌሊት የት እንዳደረ ገብቶኛል።

ምንይችል፦ የት?

አንጓች፦ ሾላ መውረጃ። አራተኛው ጅረትህ፣ የእናቴ መንደር ነው። ልጅ ሆኜ ውሃ የምቀዳው ከዚያ ነው። ጓዴ መንጠቆውን ይዞ መጀመሪያ ያየኝም እዚያ ነው። ስንጣላ ሁሌ እዚያ ሄዶ ይቀመጣል፣ ሲበርደው ይመለሳል።

ምንይችል፦ እርግጠኛ ነዎት? ነገ በወረቀት የምፈርምበት ነገር ነው።

አንጓች፦ አንተ በእንቁላል ታውቃለህ፣ እኔ በክር አውቃለሁ። ለሌላው ሁሉ ሲባጎ ነው ያሰረው። የኔን ውሃ በኔ ጥለት አሰረው። ልብ በል፣ ክሩን የመዘዘው ውሃ ይብላህ ካልኩት በኋላ ነው። ሲነጋ፣ እየበረደው።

ምንይችል፦ አልተቀየሙዎትም ማለት ነው።

አንጓች፦ ቢቀየመኝ ይሻለኝ ነበር። ተቀይሞኝ ቢሞት እችለው ነበር።

ምንይችል፦ እትዬ አንጓች...

አንጓች፦ ጠርሙሱን ክደነው፣ አረቄው ይተንብሃል። ክሩን ግን ፍታና ስጠኝ።

ምንይችል፦ ክሩን ከፈታሁት ስብሰባው ላይ ምን አሳያለሁ?

አንጓች፦ እውነትህን ነው። እንግዲያው እሰረው፣ አጥብቀህ እሰረው። ነገ እኔም አብሬህ እመጣለሁ፣ ክሩ የማን እንደሆነ እኔ እነግራቸዋለሁ።

ምንይችል፦ ሐሙስ ማታ የሆነውን ሁሉ ይጠይቁዎታል እኮ። በሰው ፊት።

አንጓች፦ ይጠይቁኝ። አሁን ጻፍ፣ ሾላ መውረጃ በል። ያቺ አሳህ ሐምሌ ላይ ያን ሁሉ መንገድ መጥታ በሩ ተዘግቶ አታግኘው። እኔ አንድ ጊዜ ዘግቼ አይቼዋለሁ።