ቅቤ የበላ ፍሪሲዮን

— ሄሎ… ሄሎ?… ማን ልበል?… ጂሩ! ሙሽራው! አካም ጅርታ?… እኔማ ደኅና ነኝ። ወንድምህ ሽማግሌ ሆኖ ጉቴ ድረስ ሲሄድልህ፣ ሚስቱ ነቀምቴ የመለዋወጫ ሱቅ ትጠብቃለች። "ሸዋጌጥ ትቅር፣ የገበያ ቀን ነው" ተባልኩ። አልተቀየምኩም፤ ትንሽ ብቻ።… ቆይ፣ ምንድን ነው የሚጮኸው? ቀለበት እያሰርክ ነው ወይስ ወፍጮ ቤት ገብተሃል?

— መኪናዋ?… አጥፋት፤ አጥፋትና አውራ።… እሺ፣ አሁን ቀስ ብለህ ንገረኝ።… ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይዞርም።

— አበጋዝ፣ አንዴ ታገሠኝ፤ የባጃጅህን ገመድ አሁን እሰጥሃለሁ። የባሌ ወንድም ነው፣ ዛሬ ቀለበት ያስራል። ሌላው ሰው ቀለበት በኪሱ ይዞ ይሄዳል፤ የእኛው ለእጮኛው ለኬኔ በሪሞት መኪና ጭኖ ሊልክ ነው። በባትሪ የምትሄደው አይደለችም፤ የራሷ ነዳጅ ያላት፣ የምታጨሰው… አዎ፣ መጫወቻ! አትሳቅ፣ ይሰማሃል።

— አለሁ፣ አለሁ። ኦቦ ባቻ ምን አሉ?… ድገምልኝ እስቲ።… "መጫወቻ መንዳት ያቃተው ቤት እንዴት ይመራል?"… በእንግዳ ፊት?… የኬኔ አባት ጨዋ ሰው ናቸው፤ እኔ ብሆን ከዚያም እጨምርበት ነበር።… እና ካልሄደች?… ሽማግሌዎቹን ሌላ ጊዜ ኑ ሊሏቸው ነው?… አይ፣ አታልቅስ። የት ነህ?… ጓሮ። ጥሩ፣ እዚያው አልቅስ።

— ስማ፣ ፍሪሲዮኗ ነው።… አላት! ፔዳል ስለሌላት ፍሪሲዮን የላትም ማለት ነው? ሞተሩ ፍጥነት ሲያገኝ ሸራዎቹ ወደ ውጭ ይከፈቱና ታምቡሩን ይይዛሉ፤ ታምቡሩ ደግሞ ጎማውን ያዞራል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ሞላዎቹ መልሰው ይሰበስቧቸዋል። ያንተዎቹ መያዝ ትተው ይንሸራተታሉ።… አዎ፣ መክፈት አለብህ። ታምቡሩን ግን አሁን እንዳትነካው፣ ይፋጃል።… ነካኸው።… ጎበዝ። በርታ።

— ቀዘቀዘ?… ጫፉ ላይ ያለችውን ቡሎን ፍታ። የሚወጣውን ሁሉ በወጣበት ተራ ጨርቅ ላይ ደርድር።… የኮትህ መሀረብም ጨርቅ ነው።… ምን ዘለለ?… ሞላው? ወዴት?… ሳር ውስጥ።… መቼም ተጠባባቂ ይዘሃል፤ አንተ የምትዘናጋ ሰው አይደለህም።… አልያዝክም? እዚሁ ሱቅ አስቀምጬህ አልነገርኩህም? ጀማሪ ነህ፣ ትሰብራለህ፤ ትርፍ ካንዴላ ያዝ፣ የፍሪሲዮን ሸራና ሞላ ያዝ፣ ኩሽኔታና የአየር ማጣሪያ ስፖንጅ ያዝ ብዬ?… እና ምን አስመጣህ?… ስቲከር።… የእሳት ነበልባል ያለበት። በጣም ጥሩ። እንግዲህ ስቲከሩ ይንዳት።

— ተገኘ? ተመስገን!… አሁን ሸራዎቹን እያቸው። አልቀዋል?… ያብረቀርቃሉ?… ይሸታሉ? ምን ምን ይሸታሉ?… ምን?… ቅቤ?

— ጂሩ፣ ፍሪሲዮን ውስጥ ቅቤ ምን ይሠራል?… የኬኔ እናት። መኪናዋን መረቁልህ፣ ቅቤ ቀቡልህ።… ምርቃቱስ ጥሩ ነው፤ ግን ሴትዮዋ በእጃቸው ነው የቀቡት ወይስ በጭልፋ? ታምቡር ውስጥ ድረስ?… በል፣ በቁስል አልኮል እጠበው። ሸራውንም፣ የታምቡሩንም ውስጥ፤ ከእሳት ራቅ ብለህ።… ከሌለ ፋርማሲ ላክ።… ለምን አትችልም?… ምርቃት መጥረግ ነውር ነው? እንዳያዩህ?… ታዲያ ንገራቸው!… አማት ስለሆኑ አትናገራቸውም።… ይኸው እንግዲህ፤ ሁሉም ይተፋፈር፣ ሞተሩ ብቻ ይጩህ።

— ለምንድን ነው የምታንሾካሹከው?… ከኋላህ ቆመዋል?… ከመቼ ጀምሮ?… ስልኩ ላውድ ላይ ነው?!… እጅህ ቅቤ ስለሆነ።… ጭልፋውንም ሰሙ?… ያ ዋቃ! ስጣቸው፣ ስጣቸው።

— አዴ ዓባይነሽ! አካም ጅርቱ? ናጋዳ? ልጆቹ፣ ከብቱ?… ናጋ፣ ናጋ።… ኧረ እኔ ስቀልድ ነው! ጭልፋ ማለት እኛ ጋ… አይ፣ እኛም ጋ ጭልፋ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።… እ?… ግንባሯን ብቻ?… ጣሪያዋን፣ በጣትዎ ጫፍ?… ታዲያ ሆዷ ውስጥ ማን… ጂሩ ራሱ? በዓይንዎ አዩት? ከሳህኑ የተረፈውን ዝቆ?… እና ዝም አሉት?… አማች ስለሆነ። እርስዎም።… አይ፣ ልክ ነዎት አዴ። እስቲ ይስጡኝ እሱን።

— ጂሩ!… እኔ?… እኔ ነኝ ቅባ ያልኩህ?… ሱቅ የመጣህ ቀን፣ ታምቡሩ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ዘይት ቀባ አድርግ ነው ያልኩህ! አንድ ጠብታ ዘይት!… አዎ፣ ቅቤም ይቀባል፣ ቀለምም ይቀባል፣ ንጉሥም ይቀባል፤ ፍሪሲዮን ግን አይቀባም!… የራስህን ጥፋት በሴትዮዋ አሳበህ እኔን ከሰው ልታጣላኝ ነበር።… ምን አመጡልህ?… አልኮል? ራሳቸው?… ጂሩ፣ እንዲህ ያለች አማት አትገባህም። ይሄን ከልቤ ነው የምለው። በል እጠብ።

— አበጋዝ፣ አልረሳሁህም። ፍሪሲዮን ላይ ነን።

— ደረቀ?… መልሰህ ግጠም፤ በደረደርክበት ተራ። ቡሎኗን አጥብቅ። ካንዴላዋን አሙቅና ገመዱን ሳብ።… እንደገና ሳብ።… ተነሣች! ሰማሁ፣ ተነሣች!… ቀለበቱን በደንብ አሰርከው?… ወደ ፊት ለፊት ውሰዳት።… ሄደች?… እልልታው እዚህ ድረስ ይሰማል! ጂሩኮ፣ ደስ አለኝ፤ የእውነት ደስ አለኝ። ስሰድብህ የነበረው ስለፈራሁልህ ነው።

— ቆይ… አንተ ከእኔ ጋር እያወራህ ሪሞቱን ማን ያዘው?… ማን?… ኦቦ ባቻ?!… "እስቲ ልየው" ብለው?… መኪናዋን እየነዱ ኬኔ ጋ ደረሱ?… አለፏት።… አሁንም አለፏት?… ሽማግሌዎቹ ምን ይላሉ?… ተራ እየጠበቁ ነው? ባሌም?… አይ፣ አትቀማቸው! በስንት መከራ ሳቁልህ።… እኔ ምን ላድርግልህ፣ ወንበር ፈልግና ቁጭ በል። ነዳጁ ሲያልቅ ቀለበት ታስራለህ። ቻው!