ግማሽ ራስና ሁለት መቶ ሃያ ቮልት

(ቡሬ ከተማ፣ ከአቶ ደሳለው ወፍጮ ቤት ፊት ለፊት ያለች ጠባብ ፀጉር ቤት። ለሽምግልና የሚሄዱት ጋሽ እንዳላማው ግማሽ ራሳቸው ተላጭቶ መስታወት ፊት ተቀምጠዋል፤ ፀጉር አስተካካዩ ስንሻው ቶንዶሱን ይዞ ቆሟል።)

እንዳላማው፦ ጨርስ ብዬሃለሁ! ሁለቱ ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር እየጠበቁኝ ነው። እኔ ሳልደርስ ማን አፍ ይከፍታል?

ስንሻው፦ ምን ላድርግ ጋሼ? ቮልቱ ወረደ።

እንዳላማው፦ ከየት ነው የወረደው? ከጣሪያ?

ስንሻው፦ የአቶ ደሳለው ወፍጮ ሲነሳ ይወርዳል። ቶንዶሱ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ይፈልጋል፤ አሁን መቶ ስድሳም አይሞላ።

እንዳላማው፦ በመቶ ስድሳው ላጨኛ! የጎደለውን በምርቃት እሞላልሃለሁ።

ስንሻው፦ እንዲያ አይሆንም። ቮልት ማለት ግፊት ነው። የውሃ ሮቶ ከፍ ብሎ ሲሰቀል ቧንቧው ይገፋል፣ ዝቅ ሲል ይንጠባጠባል አይደል? እንደዚያ ነው። አምፔር ደግሞ የሚፈሰው ብዛቱ ነው።

እንዳላማው፦ ዋት የሚሉትስ?

ስንሻው፦ ሁለቱ ሲባዙ ዋት ይወጣል፤ ጉልበቱ ማለት ነው። የኔ ቶንዶስ አሥር ዋት፣ የሳቸው ወፍጮ አሥር ሺህ።

እንዳላማው፦ አሥር ብቻ! ዝንብ ይሻላል።

ስንሻው፦ ሺህ ዋት የሚበላ ዕቃ አንድ ሰዓት ከሠራ፣ ቆጣሪው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ብሎ ይመዘግባል።

እንዳላማው፦ እኔን ገትረህ የለፈለፍከውንስ ምን ብሎ ይመዘግበዋል? ስማ፣ እንዲህ ሆኜ ልጅህን ስጠን ብለው ደሳለው ምን ይለኛል? «ግማሽ ልጅ ልስጣችሁ?»

ስንሻው፦ ሌላ ቀን ይሂዱ እንግዲህ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

እንዳላማው፦ አያሌው ለልጁ ለምንልኝ ብሎ የላከኝ ለዛሬ ነው።

ስንሻው፦ ለመሆኑ ልጁ አትጠገብን አይቷት ያውቃል?

እንዳላማው፦ ባሕር ዳር ተቀምጦ ምኑን ያያታል? ያየው አባቱ ነው።

ስንሻው፦ አትጠገብን?

እንዳላማው፦ ወፍጮውን።

ስንሻው፦ እህ።

እንዳላማው፦ ቆይ፣ ቆይ። አትጠገብ አልክ። እኔ ስሟን ጠራሁ እንዴ?

ስንሻው፦ ጎረቤት አይደለን? ወፍጮውን የምታስነሳው እሷ ናት። በመስኮት ትታያለች።

እንዳላማው፦ አሁንም እሷ ናት ያስነሳችው?

ስንሻው፦ አዎ! ቮልቱን ያወረደችብን።

እንዳላማው፦ ታዲያ ድምፁ የታለ?

ስንሻው፦ ድምፁ... ዛሬ ለስለስ ያለ ነው።

እንዳላማው፦ ሽማግሌ የሚጠብቅ ቤት ወፍጮ ያስነሳል? ዱቄት ሊነሰንስብን? ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው። ይኸው አምፖልህም ዓይኔን ሊያወጣው ነው፤ ለሱ ሲሆን ቮልቱ ከየት መጣ?

ስንሻው፦ አምፖል በትንሹም...

እንዳላማው፦ እግርህን አንሳ እስቲ። አንሳ! ይኸው፣ ገመዱን ነቅለህ ረግጠኸዋል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ ያንተማ አላደረም።

ስንሻው፦ ይማሩኝ ጋሼ። ምክሩ የኔ አይደለም።

እንዳላማው፦ የማን ነው?

ስንሻው፦ የሷ። «ግማሹን ላጭተህ አቁማቸው፤ እንደዚያ ሆነው አባቴ ደጅ አይረግጡም» አለችኝ።

እንዳላማው፦ አትጠገብ? ያቺ ቀና ብላ ሰው የማታይ?

ስንሻው፦ እኔን ታያለች። አያሌው ቤት አልገባም ብትል አባቷ አይሰማትም፤ እኔ ደግሞ የምልከው ሽማግሌ የለኝም።

እንዳላማው፦ አይ ደሳለው! ዱቄት ሲመዝን ቤቱ ምን እንደሚፈጭ አላወቀም።

ስንሻው፦ ተቆጡኝ?

እንዳላማው፦ ሰካው።

ስንሻው፦ ሰካሁት። ይኸው፣ ይሠራል። ለአያሌው ልጅ ሊለምኑ ነው እንግዲህ?

እንዳላማው፦ አያሌው ወፍጮ ካማረው ይግዛ። ቀስ በል፣ ጆሮዬን ትወስደዋለህ! ይልቅ ደሳለው «የማን ልጅ ነው?» ማለቱ አይቀርም፤ የአባትህ ስም ማን ነበር?