የወላድ ቅሬ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዓመተ ምሕረት ገደማ፣ እታለም የምትባል ሴት ከሰቆጣ ገበያ ጨው ገዝታ ወደ መንደሯ ስትመለስ ወንዝ ሞልቶ ጠበቃት። ከላይ አገር ዘንቦ ኖሮ ውሃው ደፍርሶ ግንድ እየገፋ ይወርዳል። የመንደሯ ገበያተኛ ቀደም ብሎ ተሻግሮ ስለ ነበር ከወዲህ የቀረችው እርሷ ብቻ ነበረች። ይህ አልደነቃትም። እታለም ገበያ ስትሄድም ስትመለስም ከሰው ኋላ መቅረትን የለመደች ናት። ሴቶቹ መንገድ ለመንገድ የሚያወሩት ስለ ልጆቻቸው ነው፤ እርሷ ስትደርስባቸው ግን ወሬውን ወደ ዝናቡና ወደ ሰብሉ ይመልሱታል። ለእርሷ አዝነው ነው የሚያደርጉት። እርሷን ግን ከመንገዱ ይልቅ ያ የወሬ መቀየር ያደክማት ነበር።

ሦስት ጊዜ አርግዛ ሦስቱም አልቆዩላትም። ሁለቱ ሞተው ተወለዱ፤ የመጨረሻው ጮኾ አንድ ቀን አድሮ ሞተ። በዚያ ምጥ እርሷም ክፉኛ ተጎድታ ስለ ነበር ከዚያ ወዲያ አላረገዘችም። ባሏ ይግዛው ደግ ሰው ነበር፤ ሌላ ላግባ ሳይል፣ በክፉም ሳይናገራት አብሯት አረጀ። እርሱ ሲሞት መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ብቻዋን ተቀመጠች። ማታ ማታ ደጇን የምትዘጋው ከማንም ቀድማ ነበር፤ ይመጣል ብላ የምትጠብቀው ሰው አልነበራትም።

ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ውሃው እስኪጎድል ስትጠብቅ አንዲት ወጣት በበቅሎ ደረሰች። አብሯት የመጣው የጤና ጣቢያ ዘበኛ መሻገሪያ ሊፈልግ ወደ ላይ ወጣ። ወጣቷም ከበቅሎዋ ወርዳ እጅ ነሣች።

«እንደምን ዋሉ፣ እመይቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የማን ልጅ ነሽ?»

የሰቆጣው የመምሬ አሥራተ ማርያም ልጅ አልጣሽ እንደ ሆነች፣ ጎንደር ተምራ ነርስ ሆና እንደ ተመለሰች ተናገረች። ከያዘችው ዳቦ ቆርሳ ለእታለም ሰጠቻት፤ ሁለቱም የውሃውን ድምፅ እየሰሙ በሉ። ከዚያ እታለም ወዴት እንደምትሄድ ጠየቀቻት። አልጣሽ የምትሄደው ወደ እታለም መንደር ነበር። በማግስቱ የሚካኤል በዓል ስለ ሆነ ለቀብር የሚረዳዳው የመንደሩ እድር፣ ቅሬው፣ ይሰበሰባል፤ እዚያ ቆማ የምትናገረው ጉዳይ ነበራት።

ጉዳዩንም አስረዳቻት። እያንዳንዱ የቅሬ አባል በአዝመራ ጊዜ አንድ ቁና እህል ያዋጣል። እህሉ ተሸጦ ይቀመጣል። የአባል ሚስት ወይም ልጅ ባረገዘች ጊዜ ጤና ጣቢያ የምትታይበት ከዚያ ይከፈላል። ምጥ የጠናባት እንደ ሆነ የተሸካሚው ስንቅ፣ የመድኃኒቱና የአልጋው ዋጋ፣ ከሰቆጣ አቅም በላይ ከሆነም ወደ ደሴ ሆስፒታል የሚያደርሳት የመኪና ኪራይ ከዚያው ይወጣል። በከተማ ይህን የመሰለውን ነገር ኢንሹራንስ እንደሚሉት፣ በጥንቱ ቋንቋ ግን መድን እንደሚባል አልጣሽ አከለች።

እታለም እስከ መጨረሻው አደመጠቻት። እንዲህ ያለ ነገር በቶሎ የምትቀበል ሴት አልነበረችም።

«ሴቲቱ ገና ሳታምጥ ለክፉ ቀኗ ማዋጣት ሟርት አይሆንም?» አለች።

«የጎጆዎን ክዳን የሚያስጠግኑት በግንቦት ነው፣ እመይቴ። ዝናብ ጠራሽ ብሎ የወቀሰዎት አለ?»

«የለም። ይሁን። በደኅና የወለደችስ? ያዋጣችው ይመለስላታል?»

«አይመለስም። ደሴ ያሉ ባለመኪናዎች በየዓመቱ ለኢንሹራንስ ይከፍላሉ። ዓመቱ በሰላም ሲያልፍ፣ መኪናዬ አልተገለበጠምና ገንዘቤን መልሱ የሚል የለም። የእሱ ገንዘብ ለተገለበጠበት ዋለ። ነገ እሱ ቢገለበጥ ደግሞ የሌሎቹ ይደርስለታል።»

«እኔ መኪና አላውቅም» አለች እታለም። «ቅሬ ግን አውቃለሁ። ለቅሬ የማዋጣው ነገ እኔም ስለምሞት ነው። ሰው ሁሉ ይሞታል። ሰው ሁሉ ግን አይወልድም። እኔ ያልወለድሁት፣ ከእንግዲህም የማልወልደው፣ ስለ ምን ብዬ ለወላድ አዋጣለሁ?»

 ትምህርት ብዙ መልስ ያስታጥቃል፤ ይሁን እንጂ ጠያቂው ፊት ለፊት ተቀምጦ ስለ ራሱ ሕይወት ሲጠይቅ የተጠናው መልስ ሁሉ አይበቃም። ወጣቷም ይህን ስላወቀች አላውቅም ለማለት አላፈረችም።

«ለዚህ መልስ የለኝም» አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ባለቤትዎ ሲሞቱ ማን ተሸከማቸው?»

«መንደሩ ሁሉ ነዋ። ጥሩምባው እንደ ተነፋ ወንዱ እርሻውን ጥሎ፣ ሴቷ ወፍጮዋን ትታ መጡ። ማንንም አልለመንሁም።»

«እርስዎ ሲያምጡስ?»

እታለም ወንዙን ተመለከተች። ይህን ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቀስ እያለች ነገረቻት። የመጨረሻው ምጥ የያዛት ሰው ሁሉ አውድማ ላይ በዋለበት በውቂያ ሰሞን ነበር። ይግዛው ተሸካሚ ለመለመን ከአውድማ አውድማ ሮጠ። እሺ ያሉት ስንቅ ያስፈልገናል አሉት፤ ስንቁን ለመግዛት ፍየል ሊሸጥ ወጣ፤ ገዢውም ጭንቀቱን አይቶ ሲከራከረው ዋለ። በመጨረሻ ቃሬዛው ታስሮ ሰዎቹ ደጃፍ ሲቆሙ ልጁ ደክሞ ተወልዶ ነበር፤ እርሷም ደሟ እየፈሰሰ ራሷን አታውቅም።

«እንግዲያው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም» አለች አልጣሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሬሳ የሚሸከመው ሰው አስቀድሞ ተመድቧል፤ ስንቁም ተዘጋጅቷል። ለሞተ ሰው የማይለመነውን ነገር ለእርስዎ ባለቤትዎ እየዞሩ ለመኑ። እኔ የምለው ይኸው ነው፤ ቃሬዛው በሕይወት ላለችውም አስቀድሞ ይታሰር።»

 ነገሩ እውነት እንደ ሆነ የእታለም ልብ አውቆት ነበር። እውነት መሆኑ ግን አላጽናናትም፤ የዚያን ቀን ሁሉ መልሶ አመጣባት።

«ልጇ የሞተባትስ?» አለች በመጨረሻ። «ያንቺ መድን ለእሷ ምን አለው?»

«የምጧ ወጪ ይከፈልላታል።»

«ከዚያ በኋላ ማለቴ ነው። እኔ ቤት ማንም አልገባም፣ አልጣሽ። ልጅ ስለሌለ አራስ ጠያቂ አልመጣም፤ ገንፎም አልተገነፋልኝም። ክርስትና ላልተነሣ ሕፃን ቅሬ አይቀመጥምና ለቅሶ የደረሰኝም የለም። ወላድ አልነበርሁም፤ ሐዘንተኛም አልነበርሁም። ጡቴ ወተት እያፈሰሰ ብቻዬን ተኛሁ። በሳምንቱ ተነሥቼ ውሃ ቀዳሁ።»

አልጣሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «ይህን አላሰብሁትም» አለች። «መግባት ያለበት ነገር ነው። ልጇ የሞተባትም እንደ አራስ ትጠየቅ፣ እህል ይሰጣት፣ እስክትጠና የሚረዳት ሰው ይመደብላት። ግን ነገ እኔ ብናገረው ከትምህርት ቤት ያመጣሁት ነገር ይመስላቸዋል። እርስዎ ይናገሩልኝ።»

እታለም እሺም እምቢም አላለችም። ዘበኛው መሻገሪያ አግኝቶ ሲጣራ አልጣሽ በግድ በቅሎው ላይ አወጣቻትና እርሷ ቀሚሷን ሰብስባ በእግሯ ተሻገረች።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ቅሬው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከወይራው ሥር ተሰበሰበ። አልጣሽ ተናግራ ስትጨርስ የቅሬው ዳኛ አቶ ገብረ ጻድቅ በጨዋ ደንብ አመሰገኑና፣ አባቶቻችን ያለዚህ ተወልደዋል፣ መውለድና መሞት የእግዚአብሔር ነው አሉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው በአገውኛ ተንሾካሾኩ። አንደኛው ሚስቱ መውለድ ማቆሟን አንሥቶ፣ እኔን ምን አገባኝ አለ። ነገሩ በዚሁ ሊዘጋ ሲል እታለም ተነሣች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ በስሙ የምታዋጣ አባል ብትሆንም በጉባኤው ፊት ተናግራ አታውቅም ነበር።

«አቶ ገብረ ጻድቅ፣ መሞትም የእግዚአብሔር ነው። እኛ ግን ቅሬ አቁመናል» አለች። «እኔ ከእንግዲህ አልወልድም። የማዋጣው ቁና ተመልሶ እንደማይመጣ አውቄ ነው የማዋጣው። ይግዛው ተሸካሚ ፍለጋ ሲዞር ከእናንተ ብዙዎቻችሁን ለምኗል። አልቀየምኋችሁም፤ የሁላችሁም እህል አውድማ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ግን ይህ ደንብ ኖሮ ቢሆን ማንም ሳይለመን ትመጡ ነበር።»

ቀጥላም ልጇ የሞተባት ሴት እንደ አራስ እንድትጠየቅ ለመነችና ተቀመጠች።  አቶ ገብረ ጻድቅ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ፤ ከዚያ ለቀሪዎቹ ሽማግሌዎች በአገውኛ ጥቂት ቃል ተናገሩና ደንቡ ይውጣ አሉ።

ደንቡም ወጣ። ምን እንደሚከፈልና ምን እንደማይከፈል በግልጽ ተነገረ፤ ሰው ያልገባው ነገር ኋላ ጠብ ያመጣልና። ጤና ጣቢያ መታየቱ፣ መሸከሙ፣ መድኃኒቱና ተኝቶ መታከሙ ከመድኑ ይሆናል፤ የክርስትና ድግስ ግን የየቤቱ ነው። ከዛሬው በኋላ፣ ሚስቱ ካረገዘች ወዲያ የሚገባ ሰው መዋጮው ለሚቀጥለው እርግዝና እንጂ ለዚያኛው አይታሰብለትም። ሁሉም ቀን ሲደርስበት ብቻ የሚገባ ከሆነ ጎተራው ባዶ ይሆናል።

በሚቀጥለው ጥር፣ ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዱ የሆነው የተስፋው ሚስት ማንጠግቦሽ በመጀመሪያ ልጇ አማጠች። አዋላጇ ነገሩ እንዳላማራት እንደ ተናገረች ጥሩምባ ተነፋ፤ የተመደቡት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው መጡ፤ ስንቁም ተዘጋጅቶ ነበር። በማለዳ ተነሥተው ቀኑ ሳይመሽ ሰቆጣ አደረሷት። ልጁ ግን ሞቶ ተወለደ።

ይህ ሲሰማ መንደሩ ውስጥ ማጉረምረም ተነሣ። እህላችን ወጣ፣ ልጁም አልዳነ፤ መድን የተባለው ምን አተረፈልን ተባለ። እታለም ይህን የሰማችው ከአቶ ገብረ ጻድቅ ደጅ ነበር፤ ሽማግሌው ራሳቸው ተጠራጥረው ስለ ነበር አስጠሯት።

«እናትና ልጅ ቤት ቢቀሩ ኖሮ ዛሬ የምንሸኘው ሁለት ሬሳ ነበር» አለቻቸው። «አልጣሽን ጠይቋት፤ ደሟን ያቆሙላት በመርፌ ነው። ተስፋው ሚስት አለው። የወጣው እህል ይኸን አተረፈ።»

አቶ ገብረ ጻድቅ ያመኑት በንግግሯ ብቻ አይደለም። ተስፋው አንዲት ፍየል እንኳ ሳይሸጥ፣ ሚስቱን በበቅሎ አስቀምጦ ሲመለስ በዓይናቸው አዩት። ያንን ካዩ በኋላ የሚጠራጠረውን ሁሉ የሚከራከሩት እርሳቸው ሆኑ። በቀጣዮቹ ዓመታት ከዚያች መንደር ብዙ ሴቶች በቃሬዛ ወጥተው በእግራቸው ተመልሰዋል። በምጥ ምክንያት ከብቱን የሸጠ ወይም አራጣ የተበደረ አልነበረም። ነፍሰ ጡሮቹም ወጪው የተከፈለ መሆኑን ስላወቁ ምጥ ሳይመጣ ጤና ጣቢያ መታየትን ለመዱ፤ አልጣሽ ብዙውን ችግር ገና በጊዜው ታገኘው ጀመር። በኋላም ጎረቤት መንደሮች ሽማግሌ እየላኩ ደንቡን ጠይቀው ወሰዱ። የወደፊቱን ችግር ተባብሮ አስቀድሞ መሸከም ማለት ይህ ነው፤ ሸክሙ አይጠፋም፣ ነገር ግን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ አይወድቅም።

ማንጠግቦሽ ከሰቆጣ በተመለሰች ሰሞን ግን ይህ ሁሉ ገና አልታየም ነበር። እንዲረዳት የሚመደበው ሰው ማን ይሁን ተብሎ ሲጠየቅ እታለም ሌላ ሰው ሳይናገር እኔ አለች። ገንፎውን ራሷ አገነፋችላት። ሴቶቹም በደንቡ መሠረት እየመጡ ጠየቋት፤ ምን እንደሚሉ ስላላወቁ ብዙውን ጊዜ ዝም ብለው ተቀምጠው ይሄዱ ነበር። እታለም ለወሬ አላስቸገረቻቸውም። መምጣታቸው በቂ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠያቂዎቹ ሄደው ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ማንጠግቦሽ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታ ነበር። የተኛች መስሏት እታለም እንዝርቷን ይዛ ስትፈትል ድምፅዋን ሰማች።

«እርስዎስ፣ እመይቴ፣ የልጆችዎ ስም ማን ነበር?»

የእታለም እንዝርት ቆመ።

«ለክርስትና አልደረሱም፣ ስም አልወጣላቸውም» አለች። ቆየችና ቀጠለች። «የመጨረሻው ግን አንድ ቀን አድሮ ነበር። ይግዛው እንኳ አያውቅም፣ እኔ በልቤ ደጅይጥኑ ብዬው ነበር።»

ስሙን በአፏ ስታወጣው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። ማንጠግቦሽ ከግድግዳው ወደ እርሷ ዞረች።

«ደጅይጥኑ» አለች እርሷም።

 እታለም እንደገና እንዝርቷን አሾረች፤ እስኪመሽም ወደ ቤቷ አልሄደችም።