የመምህራን መጸዳጃ ቤት ቁልፍ

(ደብረ ብርሃን፣ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ቢሮ፤ ከሰዓት በኋላ ነው፤ በእድር ዳኝነታቸው ከተማው ሁሉ ከመቀመጫው የሚነሣላቸው ጋሽ ዘውገ ዛሬ ግን ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ በልጅነቷ የሚያውቋትን ወይዘሮ አስካለን እየለመኑ፣ ልመናውም እየመረራቸው ነው።)

ጋሽ ዘውገ፦ ቁልፍ ነው የጠየቅኩሽ እንጂ ወንበርሽን ልቀቂልኝ አላልኩሽም!

አስካለ፦ ጋሼ፣ በሞቴ ቀስ ይበሉ። ጸሐፊዋ ትሰማለች።

ጋሽ ዘውገ፦ ትስማ! የሽንት ቤት ቁልፍ ነው፣ የግምጃ ቤት አይደለም። መምህራኑ በሚገቡበት ልጄም ገብቶ ይውጣ፤ አለቀ።

አስካለ፦ በእኔ ቢሆን ኖሮ ገና ሳይቀመጡ እሰጥዎት ነበር። ደንብ አለ። የመምህራኑ ለተማሪ ክልክል ነው። ተማሪ ደግሞ በተወለደበት ጾታ፣ ሴቷ በሴት፣ ወንዱ በወንድ። እርስዎም ያውቁታል።

ጋሽ ዘውገ፦ ሐኪሙ ያለኝን ነግሬሻለሁ?

አስካለ፦ ነግረውኛል።

ጋሽ ዘውገ፦ አልሰማሽም ማለት ነው፤ ልድገመው። እሑድ ለት በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ ደግፌ ጤና ጣቢያ አደረስኩት። ኩላሊቱ ተጎድቷል አለኝ። ውኃ አይጠጣም፣ ሽንቱን ይዞ ይውላል፣ በዚህ ከቀጠለ ኩላሊቱን ያጣል አለኝ። ገና ልጅ እኮ ነው፣ አስካል! ጠዋት ዩኒፎርሙን ለብሶ ሊወጣ ሲል ሻይ እቀዳለታለሁ፤ ከንፈሩን አርሶ ያስቀምጠዋል። እኔ ሞኙ ሻዬ ቀጥኖበት መስሎኝ ቅጠል እጨምራለሁ።

አስካለ፦ እግዚአብሔር ይማራት።

ጋሽ ዘውገ፦ ይማረው በይ።

አስካለ፦ እሺ፣ ይማረው። ጋሼ፣ እኔ እኮ ክርስትናዋ ላይ ነበርኩ። ለእንግዳው ጠላ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ነው፤ ፍሬ በሰማንያ ቀኗ ነው የተጠመቀችው።

ጋሽ ዘውገ፦ ለእኔ ትነግሪኛለሽ? ያስጠመቅኩት እኔ! ለእኔስ መች ገባኝ? እናቱ ከሞተች ወዲህ ፀጉሩን በምላጭ ይላጫል። ቀሚስ ከመልበስ ራቁቱን ቢሄድ ይመርጣል። ጸበል ወሰድኩት። በዚያ ብርድ፣ በሌሊት፣ ሳምንቱን ሙሉ ተጠመቀ። ሲያበቃ እየተንዘፈዘፈ "አባዬ፣ አሁንም እኔው ነኝ" አለኝ። ምን ልበለው? ጸበሉን ልውቀሰው?

አስካለ፦ ሰው ግን የውጭ አገር ጣጣ ነው ይላል።

ጋሽ ዘውገ፦ የምን ውጭ አገር! ልጄ ከሸኖ አልፎ አያውቅም። ሸኖም የሄደው ከእኔ ጋር ቅቤ ሊገዛ ነው።

አስካለ፦ እርስዎ ደግሞ! በዚህ መሀል ያስቁኛል።

ጋሽ ዘውገ፦ ሳቂ፣ ጥርስ ባዳ ነው። እኔም እስቃለሁ እኮ፣ ሳያስቀኝ።

አስካለ፦ በእረፍት ሰዓት ወደ ቤት ቢመለስስ?

ጋሽ ዘውገ፦ ጠባሴ ማዶ ድረስ? ሄዶ እስኪመለስ የመውጫው ደወል ይደወላል።

አስካለ፦ የሐኪም ወረቀት ቢያመጡ እንኳ...

ጋሽ ዘውገ፦ ወረቀቱ ምን ይበል? "ይህ ልጅ እንደ ሰው ይሸናል" ይበል?

አስካለ፦ አይቆጡኝ እንጂ።

ጋሽ ዘውገ፦ እንግዲያው ይህን መልሽልኝ። በጥቅምት፣ በኅዳር ልጄ ደህና ነበር። ይበላል፣ ይጠጣል። ያኔ የት ይገባ ነበር?

አስካለ፦ እዚሁ፣ በመምህራኑ።

ጋሽ ዘውገ፦ ማን ፈቅዶለት?

አስካለ፦ እኔ። በሴቶቹ ሲገባ "ወንድ ገባብን" ብለው ይጮኻሉ። በወንዶቹ ቢገባ ሸሚዙን ቀደው፣ አፍንጫውን አድምተው ላኩት። ለመምህር ደጀኔ በጆሮው ነገርኩት፤ በእረፍት ሰዓት ቁልፉን በእጁ ያቀብለው ነበር። ማንም ምንም ሳይል ዓመቱ ያልቅ ነበር።

ጋሽ ዘውገ፦ ይህን ሁሉ አድርገሽልኝ ነው እኔ የምጮህብሽ?

አስካለ፦ ይጩሁ። አልዘለቅኩበትም።

ጋሽ ዘውገ፦ ማን አፈረሰው?

አስካለ፦ አንዷ ተማሪ ለእናቷ አወራች፤ እናቷ ለማኅበርተኞቿ። ከዚያ እናቶቹ ነጠላቸውን አደግድገው በሬ ላይ ቆሙ። "ወይ ደንብ አውጪ፣ ወይ ልጆቻችንን እናስወጣለን።" ስብሰባ ተጠራ።

ጋሽ ዘውገ፦ የትኛው ስብሰባ?

አስካለ፦ ጋሼ...

ጋሽ ዘውገ፦ የትኛው ስብሰባ ነው የምልሽ?

አስካለ፦ ከጥምቀት ወዲህ የነበረው። የቅዳሜው።

ጋሽ ዘውገ፦ እኔ የነበርኩበት?

አስካለ፦ እርስዎ የመረቁት።

ጋሽ ዘውገ፦ ኧረ በሕግ አምላክ! እኔ የመረቅኩት የሴት ልጆችን ደኅንነት ነው። ለሽንት ቤቱ መቀርቀሪያ ይግባለት፣ ጎረምሳ በሴቶቹ በኩል አይለፍ፣ የመምህራኑ ለመምህራን፣ ተማሪውም በየጾታው ይሁን። የተነበበው ይህ ነው። ደግ ነገር ነው ብዬ፣ ተነሥቼ መረቅኩ።

አስካለ፦ የተነበበው ይህ ነው። የታሰበው ፍሬ ነበር።

ጋሽ ዘውገ፦ ስሙን ማንም አላነሣም እኮ!

አስካለ፦ ለእርስዎ ክብር ሲባል ነው። "ጋሽ ዘውገ በተቀመጡበት የልጃቸው ስም እንዳይነሣ፣ ነውር ነው" ተባባልን። ከስብሰባው በፊት ተማከርንበት።

ጋሽ ዘውገ፦ ተማከራችሁበት?

አስካለ፦ ለእርስዎ ብለን።

ጋሽ ዘውገ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አዳራሽ ሙሉ ሰው በልጄ ላይ ይመክራል፤ እኔ መሀል ላይ ተገትሬ "ይባርክልን" እላለሁ! አሜኑ ቀዝቀዝ ብሎብኝ ነበር፣ ብርዱ ነው አልኩ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ፣ ጸሎት ነው አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

አስካለ፦ እኔም ደፍቼ ነበር።

ጋሽ ዘውገ፦ ምርቃቱን ለሌላ መስጠት ያቅታችኋል? አዳራሹ ውስጥ ሽበት ያለው እኔ ብቻ ነበርኩ?

አስካለ፦ ይህም ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። በዕድሜም በክብርም የሚበልጥዎት የለም፤ ቢታለፉ "ምን አድርጌ ዘለሉኝ" ይላሉ ተብሎ ተፈራ። ይቀየማሉ ብለን።

ጋሽ ዘውገ፦ እንዳልቀየም! ይሉኝታችሁ ልጄን በላው እኮ፣ አስካል።

አስካለ፦ ምርቃቱ ብቻ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነበር።

ጋሽ ዘውገ፦ ሌላ ምን አለ?

አስካለ፦ ምርቃቱን ሲዘጉ ያሉትን ረሱት?

ጋሽ ዘውገ፦ ምን እላለሁ? እድርም ላይ፣ ዕርቅም ላይ የምለውን ነዋ።

አስካለ፦ "ይህን ያጸና ይጽና፤ ይህን ያፈረሰ ቤቱ ይፍረስ፣ ዘሩ አይባረክ" ነው ያሉት። ያን ጊዜ አሜኑ አልቀዘቀዘም። ሰኞ ጠዋት ደጀኔ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎልኝ ሄደ። "ስንት ዓመት ተስለን ሚስቴ ገና አሁን አረገዘች፤ የጋሽ ዘውገን እርግማን አልነካም" አለኝ።

ጋሽ ዘውገ፦ አፌ የለመደው ነው እንጂ ማን አስቦት!

አስካለ፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ጋሽ ዘውገ፦ የረገምኩት እኔ፣ የማነሣውም እኔ። አሁኑኑ፣ እዚሁ፣ አንቺ ፊት። አንሥቼዋለሁ!

አስካለ፦ እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ እድር ላይ "በአደባባይ የታሰረ በጓዳ አይፈታም" እያሉ ሰው የሚመልሱት? አሜን ያለው ጉባኤ በሌለበት ደጀኔ ያምነኛል?

ጋሽ ዘውገ፦ ጉባኤውን ጥሪዋ!

አስካለ፦ ምን ብዬ?

ጋሽ ዘውገ፦ ዘውገ የሚናገረው አለው በይ።

አስካለ፦ "ለምን ያነሡታል?" ሲሉዎትስ?

ጋሽ ዘውገ፦ ልጄ ነው እላቸዋለኋ። ያወቁትን ምን እደብቃቸዋለሁ?

አስካለ፦ ማወቅና መስማት አንድ አይደለም፣ ጋሼ። ዛሬ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አላለም። በአደባባይ ስሙ የተነሣ ቀን ግን አልሰማሁም ማለት የሚችል የለም። ፖሊሱም ሰምቻለሁ ይላል። ጎረምሳውም ድንጋይ ያነሣል። እርስዎን ማንም አይነካዎትም፤ ሽማግሌ ነዎት። የሚመጣው ፍሬ ላይ ነው።

ጋሽ ዘውገ፦ ብናገር በልጄ፣ ዝም ብል በልጄ!

አስካለ፦ ምን ላድርግ? እኔም ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የማደርገው ጠፍቶኛል። የወረዳው ትምህርት ቢሮ ሄጄ ነበር። ኃላፊው ገና ሳልጨርስ "ወይዘሮ፣ ይህን አልሰማሁም" ብሎ በሩን አሳየኝ።

ጋሽ ዘውገ፦ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ስትመርቅ ኖረህ ኖረህ የገዛ ቤትህን አፍርስ! ውይ ዘውገ!

አስካለ፦ ውኃ ላስመጣልዎ?

ጋሽ ዘውገ፦ ልጄ የማይጠጣውን? አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ያን ቅዳሜ እሱ የት ነበር?

አስካለ፦ ማን?

ጋሽ ዘውገ፦ ማን አለኝ? ፍሬ ነዋ። ወንበር ሊያመላልስ ከእኔ ጋር ነበር የመጣው። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

አስካለ፦ ውጭ ነበር።

ጋሽ ዘውገ፦ ውጭ የት?

አስካለ፦ በሩ አጠገብ። ድምፅ ማጉያው ሥር።

ጋሽ ዘውገ፦ ሰምቶኛል ማለት ነው።

አስካለ፦ ግቢው በሙሉ ሰምቷል።

ጋሽ ዘውገ፦ ነገሩ ስለ እሱ እንደሆነስ ያውቅ ነበር?

አስካለ፦ ከእርስዎ በቀር የማያውቅ ማን ነበር፣ ጋሼ?

ጋሽ ዘውገ፦ እኔ ደግሞ የጉርምስና ኩርፊያ ነው ብዬ! ከዚያ ወዲህ እኮ አያናግረኝም። "እንዴት ዋልክ?" "ደህና።" በቃ። ራት ላይ ባርኬ ስቆርስ አሜን አይልም። አሜን አይልም፣ አስካል! "በእግዜር ማዕድ ታኮርፋለህ?" ብዬ ተቆጣሁት። ቀና ብሎ አየኝ። ምን ይበል? በሬ ከአራጁ ይውላል፤ የእኔስ ልጅ ከአራጁ ጋር ራት እየበላ ነው የከረመው።

አስካለ፦ እንዲህ አይበሉ፤ ሳያውቁ ነው።

ጋሽ ዘውገ፦ እሱ ሳላውቅ እንደሆነ በምን ያውቃል? አባቱ ተነሥቶ፣ በማይክሮፎን፣ ረገመው። ሐኪሙ ኩላሊት ይላል እንጂ የልጄ በሽታ እኔ ነኝ።

አስካለ፦ በቃ። በቃ፣ ጋሼ። ቁልፉን እሰጣለሁ።

ጋሽ ዘውገ፦ ምን አልሽ?

አስካለ፦ የራሴን ቁልፍ። እርግማኑም በእኔ ይሁን። ባሌ ጥሎኝ ከሄደ ቆየ፣ ቤቴ ከዚህ ወዲያ ምኑ ይፈርሳል?

ጋሽ ዘውገ፦ አስካልዬ! ልጄ! ጉልበትሽን ልሳም!

አስካለ፦ ኧረ ይቀመጡ! ምን ነክቶዎታል?

ጋሽ ዘውገ፦ ነገ ጠዋት በእጁ ስጪው። አባትህ ለምኖ ነው እንዳትይው። ወይም... በይው። አዎ፣ በይው። አባትህ ሳያውቅ ነው፣ አሁን አውቋል፣ አልቅሷል በይው። ከእኔ ቢሰማው አያምነኝም፤ አንቺን ያምናል። ጠዋት ጠጥቶ ይምጣ። እኔም ሻዩን ሞልቼ፣ ስኳሩን አብዝቼ... ምነው? ምነው አቀረቀርሽ?

አስካለ፦ ምንም።

ጋሽ ዘውገ፦ ቅድም ስለምንሽ ድንጋይ ነበርሽ። አሁን እንዴት ቶሎ ለሰለስሽልኝ?

አስካለ፦ አሳዘኑኝ።

ጋሽ ዘውገ፦ አይደለም። ሰው ፊቴ አንገቱን ሲደፋ ጸሎት ነው የምልበት ጊዜ አልፏል። ቀና በይ!

አስካለ፦ ልነግርዎ ነበር። ክፍል ኃላፊው ይንገራቸው አልኩ፣ እሱ ደግሞ እኔን ጠበቀ። ዛሬ ሲገቡም አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሐኪሙን ሲያነሡብኝ አቃተኝ።

ጋሽ ዘውገ፦ ዛሬም ተማክራችሁብኛል?

አስካለ፦ ቁልፉ ይኸው። ለማን ልስጠው፣ ጋሼ? ዩኒፎርሙን ለብሶ የት እንደሚውል እንጃ፤ ፍሬ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ግቢያችንን ረግጦት አያውቅም።