ድብ ላጉርስ ብዬ

ስሙማ፣ በድብ ተገሥጬ መጣሁላችሁ! የእህቴ ልጅ ሰላም ከትንሽ ልጇ ጋር ከምኖርበት ከተማ ከታከር አንስታኝ፣ ከአትላንታ ወጣ ብሎ ካለው መጫወቻ ፓርክ አጠገብ፣ ጫካ አስመስለው የሠሩት ውድ ሆቴል አሳደረችኝ። አልጋው ሳይቀር ከነቅርፊቱ ግንድ ነው! ጠዋት ቁርስ ላይ የድብ ልብስ የለበሰ ሰው እየዞረ ልጆቹን ያቅፋል። «ካወራ ከሥራ ያባርሩታል» አለችኝ ሰላም። እኛ ጋ መጥቶ ሲቆም አንጀቴን በላው። እሱ ቆሞ እኔ ልብላ? እንቁላሉን በዳቦ ጠቅልዬ፣ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያልኩ ወደ ድቡ አፍ አስጠጋሁ። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እኔ ደግሞ መች እለቃለሁ! ሲጨንቀው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ በአማርኛ፣ «እትዬ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው፤ ጾሜን ሊያስገድፉኝ ነው?» አይለኝም!

ለካ በመዝናናቱ ቀኑ ጠፍቶብኛል፤ እኔው ሁለት እንቁላል ውጫለሁ። የአገሬን ልጅ አገኘሁ ብዬ እልል ልል ስል፣ ካወራ እንጀራው እንደሚቋረጥ ትዝ አለኝና አፌን በእጄ ያዝኩ። የሰላም ልጅ ዓይኗን አፍጥጣ፣ «አክስቴ፣ ድቡ ቶክ አደረገ እንዴ?» አለችኝ።

«ድብ ደግሞ መቼ ያወራል!» አልኳት። ሳህኔን ገፋሁና፣ እኔና ድቡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምን።