ነፋስ ስላልነቃነቀው የካራቫን ድንኳን የተሰጠ የምስክር ቃል

ስም፦ ቪቤከ ኦስተርጎር
ዕድሜ፦ 64
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ ቀድሞ የአውቶቡስ ሹፌር
አድራሻ፦ ሄርኒንግ፣ ዴንማርክ፤ ለጊዜው በምዕራብ ዩትላንድ ባሕር ዳርቻ በሚገኝ የካራቫን ማረፊያ
ቀን፦ ጁላይ 20 ቀን 2019
ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፦ በምስክሯ ድንኳን ውስጥ

እኔ ምስክሯ ቃሌን እንድሰጥ የተጠየቅኩት፣ ከጎረቤቴ ከጎርም ሊንስኮው ድንኳን ተገንጥሎ የበረረ ሸራ መንገድ ላይ የአንድ መኪና መስታወት ስለሰበረና፣ ጎርምም ካስማውን የነቀለችው ቪቤከ ናት ብሎ ስላመለከተ ነው። አልነቀልኩም። ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው።

አሁን የተቀመጥንበትን፣ በመኪና ከሚጎተተው ቤታችን ከካራቫኑ ጎን የሚያያዘውን ድንኳን ከባለቤቴ ከፕሬበን ጋር የገዛነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ፕሬበን የፈለገው ቋሚዎቹ በአየር የሚነፉትን፣ ቀላሉን ነበር። እኔ ግን የዚህን ዳርቻ ነፋስ ስለማውቀው ወፍራም የጥጥ ሸራና የብረት ቋሚ ያለውን መረጥኩ። ከመግዛታችን በፊትም የካራቫናችንን ዙሪያ፣ ከመሬት ተነስቼ በጣሪያው በኩል እስከ ሌላው ጫፍ መሬት ድረስ ለካሁ፤ ልኩ ያልሆነ ድንኳን ወይ ይጨማደዳል ወይ ተወጥሮ ይቀደዳል። ፕሬበን ከመኪና ባወረደው ቁጥር "ይሄ ሸራ አንድ ቀን ወገቤን ይቆርጠዋል" ይላል። ክብደቱን አልክድም።

እርጥብ እንደሆነ አጣጥፌው አላውቅም። በዝናብ መነሳት ግድ ከሆነ ቤት እንደደረስኩ ጋራዥ ውስጥ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ፤ አለዚያ ይሻግታል። የማጸዳው በለስላሳ ብሩሽና ለብ ባለ ውሃ ብቻ ነው፤ ሳሙና ውሃ የሚከለክለውን ቅብ ያነሳዋል። ጎርም በዚህ ይስቅብኛል። በዚህ ሳምንትም ስፌቱን ሰም ስቀባ አይቶ "ቪቤከ፣ ድንኳን ነው ወይስ ልጅ የምታሳድጊው?" አለኝ። እኔም "ልጅማ አድጎ ጥሎኝ ይሄዳል" ብዬ መለስኩለት።

የእሱ ድንኳን ዘንድሮ የተገዛ፣ ሰፊና ለዓይን የሚያምር ነበር። ካስማዎቹን ግን ቀጥ አድርጎ አሸዋው ውስጥ ሰካቸው። ካስማ የሚይዘው አናቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ሲተከል ነው። በጣሪያው ላይ አልፎ ከመሬት ጋር የሚያስረውን ጠፍርም "መልኩን ያበላሸዋል" ብሎ ከከረጢቱ አላወጣውም። ስነግረው "እኔ አውቶቡስሽን ልንዳልሽ አላልኩሽም፤ አንቺም ድንኳኔን ተይልኝ" አለኝ። ተውኩት።

ዛሬ ከምሳ በፊት ጎርም ዓሣ ሊገዛ ወደ ወደቡ ሄዶ ነበር። ሰማዩ ከባሕሩ በኩል እንደ እርሳስ ሲጠቁር አየሁ። ትርፍ ጠፍር አንድ ስለነበረኝ ይዤ ወደ ሚስቱ ወደ ሶልቫይ ሄድኩና "ልሰረው?" አልኳት። "እሰሪው፣ ብቻ ጎርም ሳይመጣ ቶሎ በይ" አለችኝ። እሷ አረፍ በምትልበት በኩል አሰርኩት። ካስማው አጠገብ ጎንበስ ብዬ የታየሁት ያኔ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያህል ሳይሆን አይቀርም፣ ከቀትር በኋላ ነፋሱ በአንድ ጊዜ መጣ። የጎርም ድንኳን በባሕሩ ወገን ያለው ካስማ ሁሉ ተነቅሎ ሸራው ወደ ላይ ተነሳ፤ መሃል ላይ ተተረተረና ግማሹ የአሸዋውን ጉብታ ተሻግሮ በረረ። ቀሪው ሶልቫይ ላይ ተደፋ። እኔና ፕሬበን በሆዳችን ተስበን ገባን። እግሯ ጠረጴዛ ሥር ተይዞ ነበር። ፕሬበን ጠረጴዛውን አነሳ፣ እኔ በብብቷ ይዤ ጎተትኳትና ወደዚህ አመጣናት።

ትንንሽ ድንኳኖቻቸው የወደቁባቸው ሰዎችም ተከትለውን ገቡ። ሸራው እንደ ከበሮ ይጮኻል፣ ቋሚዎቹ ግን አልተንቀሳቀሱም። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበትን ሰዓት አላስታውስም። ፕሬበን ጥቁር ዳቦና ሄሪንግ ዓሣ እያደለ "ክብደቱን ይባርከው! ወገቤንም ይውሰደው!" እያለ ይጮህ ነበር።

ጎርም ሲመለስ ግማሽ ድንኳን አገኘ። አንድ ሰው ከካስማው ጋር አይቻታለሁ ስላለው፣ ስለ መስታወቱ ሊጠይቅ እዚህ ድንኳን ድረስ ለመጣው ፖሊስ ከሰሰኝ። ይህን የሰማችው ሶልቫይ እግሯ እንደተጠቀለለ ብድግ ብላ "አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ ሂድና የተረፈው በምን እንደተረፈ እይ!" አለችው። ዝናቡ ውስጥ ወጣ። ሲመለስ ከአናቱ ውሃ እየወረደ ሁሉም ሰው ፊት "ቪቤከ፣ ያንቺ ጠፍር ባይኖር ሸራው ሚስቴንም ይዟት ይሄድ ነበር" አለኝ። ወደ ፖሊሱ ዞሮም "ክሴን ሰርዝልኝ፤ መስታወቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ ብለህ ጻፍ" አለው። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም ትኩስ ሻይ ቀዳሁለት።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። አንድ ቦታ "የምስክሯ ድንኳን በዕድል ተረፈ" ተብሎ ተጽፎ ስለነበር "በዕድል" የሚለው እንዲወጣ ጠይቄ በፊቴ ተሰርዟል። የቀረው ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ቪቤከ ኦስተርጎር
ቃሉን የተቀበለው የፖሊስ ባልደረባ ፊርማ፦ አስከ ቶሩፕ