የሀያት ገበጣ

ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰንበቴ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ለውዝ እየቆረጠምኩ ሳለ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ያለችውን ሴት አነጋገሩ።

«ልጄ፣ ያቀፍሽው ገበጣ ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ አናጢ ጠርቦልኝ ነው። ለልጄ ለሀያት ነው። ዐይኗ አያይም።»

«ታዲያ እንዴት ትጫወታለች?»

«በጣቷ። ጉድጓዶቹን እየዳሰሰች ጠጠሩን ትቆጥራለች።»

«ማን አስተማራት?»

«አባቷ። ወንድሞቿ ኳስ ሲጫወቱ እሷ ግድግዳ ተደግፋ ጩኸታቸውን ትሰማ ነበር። እኔም እንዳትወድቅ ብዬ ከአጠገቤ አላርቃትም። አንድ ቀን አባቷ ከጁምዓ ሲመለስ ደጃፋችን ላይ የገበጣ ጉድጓዶች ቆፈረና እጇን ይዞ አስዳሰሳት።»

«ገባት?»

«ወዲያው። እሱ ግን አዝኖላት እያወቀ ይሸነፍላት ነበር። ነቃችበትና ‹አባ፣ በደንብ ተጫወት› አለችው።»

«እሱስ?»

«በደንብ ተጫወተ።»

«እና?»

«አሸነፈችው። አልሐምዱሊላህ፣ ያን ቀን ስትስቅ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አየ።»

«ወንድሞቿስ?»

«አሁን በየቀኑ ከሰዓት፣ የአስር ሶላት እንዳበቃ፣ ኳሱን ትተው ከእሷ ጋር ለመጫወት ተራ ይይዛሉ። እኔም እሰለፋለሁ። እስካሁን አንዳችንም አላሸነፍናትም።»

«እኔ እኮ በልጅነቴ በገበጣ የሚችለኝ አልነበረም።»

«አጎቷም እንዲሁ ብሎ ነው ሊጫወታት የተቀመጠው፣ ጋሼ። ቤታችን ጀውሃ ነው፤ ይውረዱና ይሞክሯት።»

ሽማግሌው ወደ በሩ ዞሩ።

«ረዳት፣ ሰንበቴ መሄዱን ትቼዋለሁ። ጀውሃ ወራጅ አለ።»

ሁለቱ ከወረዱ በኋላ ዐይኔን ጨፍኜ መዳፌ ላይ የነበረውን ለውዝ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።